የሊዮታ በጎችና ጣተ ጎዶሎው ኮዮት

ሊዮታ ሃግስትሮም የእጇን ጀርባ ከንፈሯ ላይ ትለጥፍና አየር ወደ ውስጥ ትመጥጥ ነበር። የሚወጣው ድምፅ ጭልፊት ጥፍሩን የተከለባት ጥንቸል ዋይታ ነው፤ ቁርጥ እሷን። እኔ ጓደኛዋ አርዲስ ስንት ዓመት ሣር ውስጥ አጠገቧ ተኝቼ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ጥንቸሏን ዞር ብዬ ሳልፈልግ አልቀረሁም። እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ መካከል ቆማ ቀጭኑን ዜማ ስትይዝ ላያት እንግዳ፣ «ኮዮት እየጠራች የምትገድለው ይህችው ናት» ቢሉት አያምንም ነበር። ኮዮት ያው ከቀበሮ ከፍ፣ ከተኩላ ዝቅ የሚለው የእኛ አገር ግልገል በል ነው።

ጥሪውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ ቢኖራቸውም እሷኑ ያስተምሩ ነበር መሰለኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አርፋ የምትተኛው ሣር ውስጥ ብቻ ነበረና። «ፊሽካ ይጠፋል፣ በብርድ ይሰነጠቃል፤ አፍሽ ግን የትም አይሄድብሽም» ይሏት ነበር። ባሏ ሮላንድ ይህን ወሬ ባነሳች ቁጥር፣ «እኔም ምስክር ነኝ፤ የትም አልሄደም» ይል ነበር።

ነብራስካ ውስጥ፣ በእነዚህ የአሸዋ ኮረብቶች መካከል፣ ሰው የሚባለው ከብት ያለው ነው። ከብት ማለት ደግሞ ላምና በሬ። በግ የሚያረባ ካለ፣ የመኖ መደብሩ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩለት፤ ክፉ በሽታ እንደያዘው ሰው። ሊዮታ በግ የጀመረችው እናት በሞተችባቸው ግልገሎች ነው። አንድ መንገደኛ ነጋዴ «መሞታቸው ነው» ብሎ ጥሎባት ሄደ፤ እሷ ወጥ ቤት ምድጃው ሥር አስቀምጣ በጡጦ አሳደገቻቸው። ሮላንድ የከብት አርቢ ልጅ፣ የከብት አርቢ የልጅ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ማለዳ ጡጦ ሲያሞቅ ወንድሙ ኤሚል ድንገት ገባበት። ኤሚል ጡጦውን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተመልሶ ወጣ።

ሮላንድ ልቡ ከድቶት ሣር አጨዳ ላይ ሞተ። የሊዮታ ጸጉር ገና አልሸበተም ነበር። ብዙ አላለቀሰችም፤ ቢያንስ እኔ ፊት። አንድ ቀን ብቻ፣ አጥር ስንጠግን፣ «አርዲስ፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ የሚያስነሱኝ በጎቹ ናቸው። ይጮሃሉ፤ እየሰማሁ ተኝቼ አልቀር» አለችኝ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳት።

ግጦሹ ግማሹ የእሷ፣ ግማሹ የዋርሳዋ የኤሚል ነው፤ በመካከሉ አጥር የለም። ኤሚል መጥፎ ሰው አልነበረም። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሚስት ያላገባ ሰው ነው። እሑድ ከሰዓት እየመጣ የውሃ መሳቢያዋን ይጠግንላታል፤ ሲጨርስ እጁን በሱሪው ይጠርግና ሁልጊዜ ያችኑ አንድ ነገር ይላል።

«በጎቹን ሽጪያቸው፣ ሊዮታ። ግጦሹን ላም ይብላው።»

«ኬክ ብላ፣ ኤሚል» ትለዋለች። በልቶ ይሄዳል።

እንዲህ እያሉ ስንት ዓመት ኖሩ፤ ጣተ ጎዶሎው እስኪመጣ። ይህ ኮዮት ከወጥመድ ያመለጠ ነው። የፊት ቀኝ እግሩ ሁለት ጣት የለውም፤ አሸዋ ላይ ዱካውን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሲሄድ ያነክሳል፤ ማነከሱ ግን ግልገል ከመብላት አላገደውም። በዚያ በጋ የሊዮታን ግልገሎች አንድ በአንድ ለቀማቸው። በመከር ድግስ ላይ፣ አገሩ ሁሉ አንድ ገበታ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ አንዱ ቀልደኛ ኤሚልን «የአንተ ግጦሽ እኮ የኮዮት ሆቴል ሆነ» አለው። ሰው ሳቀ። ሊዮታ ሹካዋን አስቀመጠች።

«የበግ ነጋዴው ክላይድ ዳክዬ አደን ከሚፈቀድበት ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ በዚህ ያልፋል አይደል?» አለች። «እስከዚያ ያ አውሬ ካልሞተ በጎቼን ጭኖ ይሂድ። ሰምተሃል ኤሚል? ሰምታችኋል ሁላችሁ?»

ሁላችንም ሰማን። እኛ ዘንድ ገበታ ላይ በሰው ፊት የተባለ ነገር ተባለ ማለት ነው። ኤሚል ቀና ብሎ አያት፤ ድንቹን ቆረሰና ጎረሰ።

ታዲያ ሳምንት በሳምንት ላይ ሄደ፤ አውሬው አልተያዘም። ቅዳሜ ደረሰ። የዳክዬ አደን የሚከፈትበት ቀን ነው፤ እኔና ሊዮታ ከልጅነታችን ጀምሮ ያቺን ቀን አስተጓጉለን አናውቅም። ዘንድሮ ትተወዋለች ብዬ ነበር። ገና ሳይነጋ ፒክአፗን ደጄ ላይ አቁማ ጥሩምባ ነፋችብኝ።

«ዛሬም ዳክዬ?» አልኳት።

«ጠዋት ዳክዬ፣ ማታ ኮዮት፤ ነገም እንደዚሁ። ሐዘን መቀመጥ ከሰኞ ወዲያ ይደርሳል። ፔርሙሱን ያዢ።»

ሐይቁ ዳር ፊላ ከልለን የሠራናት መደበቂያ አለች። ሮላንድ የጠረባቸውን የእንጨት ዳክዬዎች ውሃው ላይ በተንን፤ እያንዳንዱ ሆዱ ላይ ገመድ፣ ገመዱ ጫፍ ላይ የብረት ክብደት አለው፤ ነፋስ እንዳይወስደው። እውነተኞቹ ዳክዬዎች ከላይ ሲያልፉ ወገኖቻቸው መስለዋቸው ይወርዳሉ። ሊዮታ እንደ ዳክዬ በሚጮኸው ፊሽካዋ ታዋራቸዋለች፣ ትስቅላቸዋለች፣ ትጠራቸዋለች። መጡ። እኔ ተነስቼ ተኮስኩ።

«ሰማዩን ነው የመታሽው» አለችኝ።

«ፀሐይ ዓይኔ ገብታ ነው!»

«ፀሐይ ገና አልወጣችም አርዲስ።»

እሷ ግን መታች። ፊቷ በርቶ፣ ጭቃው ውስጥ እስከ ጭኗ ገብታ ዳክዬዋን አንገቷን ይዛ ስትመለስ፣ ሰኞን የረሳች ትመስል ነበር። ከሰዓት ጓሮዋ ተቀምጠን ላባ ስንነጭ ግን ዓይኗ በየመሀሉ ወደ ጉረኖው ይሄዳል። በጎቹን በጊዜ አስገብታ ዘግታባቸዋለች። አንዷ አሮጊት በግ፣ በጡጦ ካደጉት የቀረች፣ አጥሩ ላይ አገጯን አሳርፋ ታየናለች።

«ክላይድ ይህችን አይወስዳትም» አልኳት፤ ማጽናናቴ ነው።

«ቃል ስሰጥ ከዚህች በቀር አላልኩም» አለችኝና ላባውን ቦጭ አደረገችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ኮረብቶቹ ሄድን። ነፋሱ ፊታችንን እንዲመታን አድርገን በሆዳችን ተኛን፤ ኮዮት ሽታ ከሰማ አለቀ። ሆዴ ሥር እሾህ አለ፤ መንቀሳቀስ ክልክል ነው። ሊዮታ አባቷ ያስተማሯት አንድ ሕግ አላት፤ እግሩን ሳታይ ቃታ አትስብም። ሣር ቢንቀሳቀስ፣ ጆሮ ቢታይ፣ እግር ካልታየ የለም።

ጥንቸሏን አስለቀሰቻት። ዝም። ደግማ አስለቀሰቻት። ከኮረብታው ወዲያ አንድ ረጅም ጩኸት ተነሳ፤ «ኡ…ው!»

«መጣ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«እሱ ነው?»

«እንጃ። ሽማግሌ ነው፤ ድምፁ ይሻክራል።»

አፏን በእጇ ከልላ እሷም እንደ ኮዮት ጮኸች፤ ቀጠን፣ ጠብራራ አድርጋ።

«ምን አልሽው?»

«ሰደብኩት። በሰው አገር የገባ ጎረምሳ ነኝ፣ ምን ታመጣለህ አልኩት።»

መልሱ ወዲያው መጣ፤ አሁን ቀረብ ብሎ፣ በቁጣ።

«እሱም ሰደበኝ» አለች ሊዮታ። ዓይኗ ያበራል። «ባለጌ ነው።»

እንዲህ እየተሰዳደቡ ቀረበ። ሊዮታ ጠመንጃዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሣሩን ታያለች። አውሬው የመጨረሻውን ጩኸት ጀመረና መሀሉ ላይ አቋረጠ፤ ከዚያ አሳለው።

«ሊዮታ» አልኳት፣ «ኮዮት ጉንፋን ይይዘዋል እንዴ?»

አፈሙዙን ቀስ አድርጋ ዝቅ አደረገች። ከሣሩ ውስጥ ባርኔጣ ወጣ። ከባርኔጣው ሥር ኤሚል ሃግስትሮም፣ በክርኑ እየተሳበ፣ አፉ ላይ እንደ ኮዮት የሚጮኽ የሱቅ ፊሽካ ይዞ።

«ኤሚል!»

ባለበት ደረቀ። «ሊዮታ? አንቺ ነሽ?»

«አንተ ነህ እንዲያ የሰደብከኝ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ የጀመርሽው!»

እኔ መሬቱን በቡጢ እየደቃሁ ሳቅኩ። ሊዮታ ግን አልሳቀችም። ተነስታ ከአናቱ ላይ ቆመች፤ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ እግሯ ሥር ተኝቷል።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ለቆዳው ነው» አለ ኤሚል። «ዘንድሮ ቆዳ ተወዷል።»

«በጥቅምት?» አለችው። «ብርድ ሳይገባ? ፀጉሩ ገና የሙቀቱ ወራት ፀጉር ነው፤ ስትዳስሰው እጅህ ላይ ይቀራል። የጥቅምት ኮዮት ቆዳ ለውሻ ምንጣፍ እንኳ አይሆንም። ይህን ለእኔ ትነግረኛለህ?»

ይህ እውነት ነው፤ እኛ ዘንድ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ኤሚልም ያውቀዋል። ተነስቶ ተቀመጠና ከእጅጌው ላይ እሾህ መልቀም ጀመረ። ጆሮው ቀልቷል።

«ግልገሎቹ ሲጮሁ» አለ በመጨረሻ፣ እሾሁን እያየ፣ «እኔም ቤት ይሰማል።»

ሊዮታ ጠመንጃዋን ሣሩ ላይ አስቀመጠች። «ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ሽጪያቸው የምትለኝ?» አለችው።

«ከብት አርቢ ነኝ። ሌላ ምን ልበል?» ቀና ብሎ አያት። «ቃልሽን መልሺ በቃ። ማንም አያስታውሰውም።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሰጠሁትን? ሞቼ ነው! ጣተ ጎዶሎው ካልሞተ ሰኞ ይጫናሉ።»

«ግትር!»

«ቤተሰብ ነን እኮ» አለችው። ከዚያ ፈገግ አለች። «ለማንም አልናገርም ኤሚል። ለበግ ብለህ በሆድህ መሳብህን የመኖ መደብሩ አይሰማም። ግን ነገ ጠዋት ከእኛ ጋር ዳክዬ ትጠብቃለህ። ሦስት ሰው ከሁለት ይሻላል፤ ያ አውሬም ለጠዋት ውሃ ሐይቁ ዘንድ ይወርዳል።»

«ነገ እሑድ ነው፣ ሊዮታ። ቤተ ክርስቲያን…»

«እግዚአብሔር እሑድ ያርፋል፤ ዳክዬ አያርፍም።»

እሑድ ንጋት ላይ እዚያች መደበቂያ ውስጥ ሦስት ሆነን ታጨቅን። ኤሚል ጉልበቱን የሚያደርግበት አጥቶ አገጩ ሥር አስቀምጦታል። ለወፍ የሚሆን ጠመንጃ የለኝም ብሎ ትልቁን፣ ረጅሙን፣ አጋዘን የሚመታበትን ይዞ መጥቷል። እኔና ሊዮታ የያዝነው የዳክዬ ነው፤ ጥቃቅን እርሳስ የሚረጭ፤ ለኮዮት ከሩቅ ቢተኮስ ማሳከክ ነው።

«በዚህ ዳክዬ ብትመታ» አለችው ሊዮታ፣ «ላባዋን ብቻ ነው የምንበላው።»

«ዝም በይ፣ ዳክዬ ይሰማሻል።»

«ዳክዬ እንዲሰማኝ አይደል እንዴ ፊሽካ የምነፋው?»

የመጀመሪያዎቹ መጡ፤ ሊዮታ ልትነሳ ስትል ኤሚል አስነጠሰው። ሄዱ። ሁለተኞቹ መጡ፤ አስነጠሰው። ሊዮታ ባርኔጣውን አውልቃ አፉ ላይ ደፈነችው። እንዲህ ሆነን ሳለን ነው እኔ በፊላው መካከል ያየሁት። ከሐይቁ ማዶ፣ ውሃው ጥልቅ ባልሆነበት ዳር፣ ሣር የመሰለ ነገር ይንቀሳቀሳል። ይቆማል። ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ወደ እንጨት ዳክዬዎቹ ነው የሚሄደው።

የሊዮታን ጉልበት ጨመቅኩ። አየችው። ፊሽካዋን ቀስ ብላ አነሳችና ክንፉ እንደተሰበረ ዳክዬ አጉረመረመች፤ ደከም፣ ደከም አድርጋ። ኮዮቱ ሆዱን መሬት አስነክቶ ሁለት እርምጃ ሄደ። የፊት ቀኝ እግሩን ሲያሳርፍ ያነክሳል።

እሱ ነው።

ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባና ከሮላንድ ዳክዬዎች አንዷን በአንገቷ ያዛት። ነከሳት። እንጨት ናት። እንደገና ነከሳት። ከዚያ ቀና ብሎ የተንሳፈፉትን እህቶቿን በየተራ አያቸው፤ ሰው ቤት ግብዣ ገብቶ የቀረበለት ምግብ እንግዳ እንደሆነበት ሰው። ሊሸሽ ሞከረ፤ ግን አልለቀቃትም። ገመዱ ተከተለው፣ የብረቱ ክብደት ተከተለው፤ ብረቱ ፊላው ላይ ይያዝበታል፣ እሱ ይጎትታል።

ሊዮታ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ያ ሁሉ በጋ የተመኘችው አውሬ ፊቷ ቆሞ፣ እሷ በሳቅ ጠመንጃ ማንሳት አቅቷታል። ብታነሳም የእሷ እርሳስ አይደርስም። ዞር ብላ ኤሚልን አየችው። ሳቋ ቆመ።

እኔም አየሁት። ካልተኮሰ ነገ ግጦሹ በሙሉ የላሞቹ ነው፤ ማንም ምንም አይለውም። አስነጠሰኝ ቢል እናምነዋለን።

ኤሚል ባርኔጣውን ከአፉ ላይ አነሳና ለእኔ ሰጠኝ። እጅ የሚሰጥ ያህል ቀስ ብሎ ጠመንጃውን ደገፈ። ኮዮቱ እንደምንም ከውሃው ወጥቶ ዳሩ ላይ እግሩን ሲተክል፣ ተኮሰ። የሐይቁ ወፍ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ሰማዩ በክንፍ ተሞላ። ማዶ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

ዞረን ደረስን። ሊዮታ ተንበርክካ እግሩን አየች፤ ሁለት ጣት የለም። የእንጨት ዳክዬዋን ከአፉ አላቀቀች። ፀጉሩን አንድ ጊዜ ዳበሰችው፤ እንዳለችውም እጇ ላይ ቀረ።

«ብልጥ ነበርክ» አለችው። «ግልገሎቼን ባታውቃቸው ኖሮ እንስማማ ነበር።» ከዚያ ወደ ዋርሳዋ ዞረች። «ኤሚል፣ አንተ አታስነጥስም እንዴ?»

«አለፈልኝ» አለ።

አሁን ሊዮታና ኤሚል ሁለቱም ኮረብታው ላይ ባለው መቃብር ናቸው፤ ከሮላንድ ግራና ቀኝ። ጥቅምት ሲገባ፣ ዳክዬዎቹ በቤቴ ጣሪያ ላይ ሲያልፉ ስሰማ፣ ጠመንጃ ማንሳት ከተውኩ የቆየሁ ቢሆንም ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። የዚያ እሑድ ሳቋ ነው የሚመጣብኝ፤ አፏን በእጇ ይዛ።

ያኔ በማግስቱ ሰኞ ግን ነጋዴው ክላይድ መጣ። ማናችንም ስልክ መደወል ትዝ አላለንም። ትልቁን መኪናውን እያንገጫገጨ ግቢ ገባ፤ ሊዮታ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«በጎቹስ ሴትዮ?»

«አይሸጡም። ለነዳጅህ ካሳ ሁለት ዳክዬ ነጭቼልሃለሁ፤ በወረቀት ጠቅልያለሁ። ወደ ውስጥ ግባና ደግሞ ኬክ ብላ።»

ክላይድ መልካም ሰው ነው፤ ዳክዬውንም ኬኩንም ተቀበለ። ሊወጣ መኪናውን ሲያዞር ቦታ ጠበበው። ኤሚል፣ የውሃ መሳቢያውን ሊያይ መጥቻለሁ ብሎ የቆመው ኤሚል፣ ቦታ እንዲሰፋለት የጉረኖውን ትልቁን በር ከፈተለት። ለሁለት ቀን ተዘግተው የከረሙት በጎች ይህን ይጠብቁ ነበር። መንጋው በመኪናው ግራና ቀኝ እንደ ጎርፍ ወጣ፤ አሮጊቷ ከፊት።

«በሩን! ኤሚል በሩን!» ትላለች ሊዮታ። ማን ሰምቶ። ኤሚል በእነዚያ ረጃጅም እግሮቹ ኮረብታውን ይወጣል፣ ይወርዳል። ባርኔጣው ወደቀ፤ አላነሳውም። አንዷን ግልገል ብብቱ ሥር አድርጎ ሌሎቹን ልክ ሊዮታ በምትጠራበት ቀጭን ድምፅ ይጠራል፤ መቼ እንዳጠናው እግዜር ይወቅ። ክላይድ በከተማ ጫማው አሸዋው ውስጥ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

«አንተ ያ ከብት አርቢው አይደለህም እንዴ?»

«ዝም ብለህ በዚያ በኩል ዙርባቸው!» አለው ኤሚል።

ከሰዓት በኋላ ነው ሁሉም የገቡት። እኔና ሊዮታ ቃላችንን ጠብቀን ለማንም ትንፍሽ አላልንም፤ ክላይድ ግን ምንም ቃል አልገባም ነበር። ማግሰኞ ኤሚል ጨው ሊገዛ መኖ መደብሩ ሲገባ፣ ምድጃው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ ባንድ ድምፅ እንደ በግ «ባ…!» አሉት።

እኔ እዚያው ነበርኩ፤ ዘር እየመረጥኩ። ኤሚል ጨውን ትከሻው ላይ አደረገ። በሩ ጋ ደረሰና ዞር አለ።

«አዎ በግ ነው» አላቸው። «ምን ይጠበስ?»